አባቷ ማን ነው? በሁለተኛ ቀኗ የወደቀች የበቅሎ ውርንጭላ፦ የጉዳይ ጥናት ከምሥራቅ ጎጃም

በቅሎን «አባትህ ማን ነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ይባላል። የበቅሎ አባት አህያ መሆኑን የማያውቅ የጎጃም ገበሬ የለም፤ የእንስሳት ሐኪምም የለም። ሆኖም ውርንጭላ ታሞ ክሊኒክ ሲመጣ ካርዱ ላይ የሚጻፈው «ውርንጭላ፣ ሴት፣ ድካም» ነው። ስለ አባቷ የሚጽፍ የለም። ከዚህ በታች ያለችው ውርንጭላ ሕክምና ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአባቷ ማንነት የተወሰነ ነበር።

ከጮቄ ተዳፋት፣ ከረቡዕ ገበያ በላይ ካለ መንደር የመጣች ናት። የተወለደችው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲሆን ምጡ ቀላል ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላት ቆማለች፤ 11 ሰዓት ሳይደርስ ጡት ይዛ ጠብታለች፤ የእንግዴ ልጁም ሳይነጋ ወጥቷል። ጥቁሩን የመጀመሪያ ፋንድያዋን ጥላ፣ ቀኑን ሙሉ እናቷን ስትከተል ውላለች። በ1 ሰዓት መቆም፣ በ2 ሰዓት መጥባት፣ በ3 ሰዓት የእንግዴ ልጅ መውጣት የሚለውን የተለመደ መለኪያ አንድም ሳይጎድላት አልፋለች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ግን መተኛት አበዛች። ሲያስነሷት ትንገዳገዳለች፤ ጡት ሥር ትቆምና ሳትጠባ አንገቷን ትደፋለች። ቤተሰቡ ለጋ ቅቤ በጣት አቅምሷት ለውጥ ሲያጣ በጋቢ ጠቅልሎ ከእናቷ ጋር አይሱዙ ላይ ጭኖ አወረዳት። ክሊኒክ ስትደርስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ዕድሜዋ 31 ሰዓት ነበር። እናቲቱን አለመተዋቸው ከሁሉ የበለጠ እርዳታ ሆኗል፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይታያል።

ሲወለድ ጀምሮ ደካማ የሆነ ውርንጭላና ጠንክሮ ተወልዶ በሁለተኛው ቀን የሚወድቅ ውርንጭላ አንድ ዓይነት ሕመምተኞች አይደሉም። የመጀመሪያው ያለ ጊዜው የተወለደ፣ በምጥ አየር ያጠረው ወይም በማህፀን ሳለ የተመረዘ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከተወለደ በኋላ አንድ ነገር አግኝቶታል። በእትብት የገባ ጀርም፣ የተቀደደ የሽንት ፊኛ፣ አንጀት የዘጋ ፋንድያ፣ ወይም ከእናቱ ጡት የጠባው ነገር ሊሆን ይችላል።

ክብደቷ 23 ኪሎ ሆነ። የተመዘነችው በእህል ሚዛን ነው፤ አንድ ሰው ተሸክሟት ከቆመ በኋላ የሰውየው ክብደት ተቀነሰ። ሙቀቷ 37.4 ዲግሪ፣ የልብ ምቷ ተኝታ ሳለ በደቂቃ 136፣ ትንፋሿ 52 ነበር። በዚህ ዕድሜ ሙቀት ከ37.2 እስከ 38.9፣ ልብ ምት ከ80 እስከ 120 ይጠበቃል። እትብቷ ደርቋል፤ መገጣጠሚያዎቿ አላበጡም፤ ሆዷ አልተነፋም፤ በሳንባዋ ውስጥ ቅቤው የገባ የሚመስል ድምፅ አልተሰማም። ድዷ ግን ነጥቶ ቢጫ ገብቶበታል፤ የዓይኗ ነጭም እንዲሁ። ሽንቷ የጠላ መልክ ነበረው።

ባለቤቱ ራሳቸው «ወፍ ይዟታል» አሉ። ስያሜው ለምልክቱ ትክክል ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ሐኪሙ «አባቴ፣ ባዝራዋ ከዚህ በፊት ምን ምን ወልዳለች?» ሲል ጠየቀ።

«ይቺ አራተኛዋ ናት። መጀመሪያ ፈረስ ወለደች። ቀጥላ በቅሎ፤ እሱን አሳድገን ሸጥነው። ሦስተኛዋም በቅሎ ነበረች፤ ቆማ ስትጠባ ቆይታ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ዓይን በልቷት ነው አሉን።»

ምርመራው ከዚህ በኋላ ያደረገው የተባለውን ማረጋገጥ ብቻ ነው። በሄማቶክሪት ማሽን የቀይ ደም ሕዋሷ መጠን (ሄማቶክሪት) 11 በመቶ ወጣ፤ ጤነኛ ቢሆን ከ30 በላይ ነበር። በቱቦው ውስጥ ከላይ የቀረው ፈሳሽ ቢጫና ቀይ የተቀላቀለበት ነው፤ ይህም ደሙ ፈስሶ ሳይሆን ደም ሥር ውስጥ እየፈረሰ መሆኑን ይናገራል። የደም ስኳሯ በሰው መለኪያ 58 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። ከእናት በማህፀን የሚተላለፈው የደም ጥገኛ፣ ፓይሮፕላዝማ፣ ተመሳሳይ ምልክት ስለሚሰጥ የደም ስሚር በማይክሮስኮፕ ታየ፤ አልተገኘም።

የሚሆነው ይህ ነው። አህያ ሁሉ በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ፈረስ የሌለው አንድ ምልክት አለው። በቅሎ ይህን ከአባቱ ይወርሳል። ባዝራ የመጀመሪያ በቅሎዋን ስትወልድ በምጥ ጊዜ የውርንጭላው ደም ወደ ደሟ ሊገባ ይችላል፤ ሰውነቷም ባዕድ ነው ብሎ አንቲቦዲ፣ ማለትም ያን ምልክት የያዘውን ሕዋስ የሚያጠቃ መከላከያ፣ ይሠራል። ያ የመጀመሪያው ውርንጭላ አይጎዳም። ለቀጣዩ ግን አንቲቦዲው በእንገሯ ውስጥ ተከማችቶ ይጠብቀዋል። የፈረስ ዘር የእንግዴ ልጅ አንቲቦዲ ስለማያሳልፍ ውርንጭላው በማህፀን ሳለ ሰላም ነው፤ ሲወለድም ብርቱ ነው። የሚመረዘው ሲጠባ ነው፤ ብርቱና በላተኛ ውርንጭላ ደግሞ ብዙ ይጠባል። ከበቅሎ ውርንጭላዎች ከአሥር አንድ ገደማ ላይ እንደሚደርስ ይገመታል፤ በንጹሕ ፈረስ ላይ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ሁለተኛው አድጎ ተሸጠ፣ ሦስተኛዋ ሞተች፣ አራተኛዋ ታመመች፤ ከዚህ የጠራ ታሪክ በመጽሐፍም አይገኝ።

ለማረጋገጥ ሰባት የመስታወት ቱቦዎች ተደረደሩ፤ በእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ተጨመረ። ከባዝራዋ ጡት የቀረ እንገር 1 ሚሊ ሊትር ወደ መጀመሪያው ገብቶ ተበጠበጠ፤ ከእሱ 1 ሚሊ ሊትር ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እየተባለ እስከ መጨረሻው ተቀጠነ። ከዚያ በየቱቦው አንድ ጠብታ የአህያ ደም ገባ። የውርንጭላዋ ደም ያልተመረጠው ሕዋሶቿ አስቀድመው በአንቲቦዲ ስለተሸፈኑ በባዶ ሳላይንም ሊጓጉሉና ሊያሳስቱ ስለሚችሉ ነው። ምልክቱ በማንኛውም አህያ ላይ ስላለ በግቢው የቆመ የጭነት አህያ ይበቃል። ቱቦዎቹ ሦስት ደቂቃ በሴንትሪፊዩጅ ከዞሩ በኋላ ሲደፉ፣ ሕዋሱ እንደ ጭስ ተበትኖ ከወረደ ነጻ ነው፤ እንደ እርጎ ተያይዞ ከወረደ አንቲቦዲ አለ። እስከ 1 ለ 64 ያለው ሁሉ ተያይዞ ወረደ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቱቦዎች አይቆጠሩም፤ እንገር ወፍራም ስለሆነ ጤነኛ ደምም ያያይዛል። የባዝራዋ የራሷ ደም በራሷ እንገር፣ የአህያው ደምም በባዶ ሳላይን ለማነጻጸሪያ ተሠርተው ነበር፤ ሁለቱም አልጓጎሉም።

ሕክምናው ሲጀመር መጀመሪያ የተወሰነው ስለማይሠራው ነገር ነው። ውርንጭላዋን ለማራመድ መሞከር ቀረ። በ11 በመቶ ደም ለመኖር የምትችለው ተኝታ ብቻ ነው፤ ለቁም ነገር ተብሎ የሚደረግ ጥቂት እርምጃ ልቧን ሊያቆም ይችላል። ገለባ ተነጥፎ በደረቷ ተኛች፤ ለብ ያለ ውሃ የያዙ ጀሪካኖች በጨርቅ ተጠቅልለው በሁለት ጎኗ ተቀመጡ።

ቀጥሎ ጡት ተከለከለች። እንገርን የሚወስደው አንጀት በ24 ሰዓት ውስጥ ስለሚዘጋ በ31ኛው ሰዓት መከልከሉ ዋጋው ትንሽ ነው ሊባል ይችላል፤ እውነትም ነው። ጉዳቱ ግን ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ እስከ 48ኛው ሰዓት ባዝራዋ በየ2 ሰዓቱ ታልባ ወተቱ ተደፋ። መታለቧ ለሁለት ነገር ነው፤ አንቲቦዲው ከጡቷ ይወጣል፣ ወተቷም አይነጥፍም። ውርንጭላዋ ከእናቷ አፍንጫ ሥር ሆና፣ እናቷም እየላሰቻት እንድትቆይ ተደረገ። ለሁለት ቀን የተለያየች ባዝራ ልጇን ልትረግጥ ትችላለች።

ምግቡ የላም ወተት ነው፤ ግን እንዳለ አይሰጥም። የባዝራ ወተት ከላም ወተት ይልቅ ስኳሩ ይበዛል፣ ቅባቱ ያንሳል። ወተቱ አድሮ ከላይ የሰፈፈው ክሬም ተገፈፈ፤ በቀረው ሊትር 20 ግራም የግሉኮስ ዱቄት ተጨመረ። የሻይ ስኳር አይተካውም። አዲስ የተወለደ ውርንጭላ ያን ስኳር የሚፈጭበት ነገር በአንጀቱ ስለሌለው ተቅማጥ ያመጣል፤ ለደካማ ልጅ አዝኖ ስኳር በውሃ የሚያጠጣ ሰው ይህን አያውቅም። በቀን የክብደቷ አንድ አሥረኛ፣ 2.3 ሊትር፣ ለ12 ጊዜ ተከፍሎ በየ2 ሰዓቱ 190 ሚሊ ሊትር ታቀደ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በግማሽ ተሰጡ።

የመጥባት ስሜቷ ደካማ ስለነበር በጡጦ አልተሞከረም፤ እንዲህ ያለ ውርንጭላ የሚጋቱትን ወደ ሳንባው ይስበዋል። ለሰው ጨጓራ የሚያገለግል ቀጭን ቱቦ ከአፍንጫ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ጎድን ተለክቶ ምልክት ተደረገበት፤ በአፍንጫዋ ታችኛ በኩል ቀስ ተብሎ ስትውጥ ጠብቆ ገባ። ቱቦው በግራ አንገት ቆዳ ሥር ሲያልፍ በጣት ይታወቃል፤ በሲሪንጅ ሲሳብ የጉሮሮ ግድግዳ ስለሚይዘው ይከብዳል። ያለ ችግር አየር ከመጣ ያለው የአየር ቧንቧ ውስጥ ነው፤ ወዲያው ይውጣ። ወተቱ በሲሪንጅ አይገፋም፤ በማንቆርቆሪያ በራሱ ክብደት ይወርዳል።

ዋናው ሥራ ደም መስጠት ነበር። ከ12 በመቶ በታች ከሆነና ልብ እንዲህ ከሮጠ መጠበቅ አያስፈልግም። የማን ደም ይሰጣት የሚለው ግን ያከራክራል። የእናቷ ቀይ ሕዋስ ምልክቱ ስለሌለው አይፈርስም፤ ሕዋሱ የተዘፈቀበት ፈሳሽ ግን በዚያው አንቲቦዲ የተሞላ ስለሆነ በሳላይን ሦስት ጊዜ ታጥቦ ካልሆነ መርዙን መድገም ነው። ከረጢት የሚያዞር ሴንትሪፊዩጅ አልነበረም። በበቅሎ ወይም በአህያ ደም መርዳት ደግሞ፣ ዘመዷ ነው ተብሎ ቢታሰብም፣ ለእሳት ማገዶ ማቀበል ነው። የሚሆነው ደም ከወንድ ፈረስ የተወሰደ ነው፤ ያልወለደ፣ ደም ተሰጥቶት የማያውቅ። የጎረቤት የተኮላሸ ፈረስ፣ 260 ኪሎ ገደማ፣ 36 በመቶ ሄማቶክሪት ያለው፣ ስሚሩ ንጹሕ የሆነ፣ ቆዳው ላይ የሊምፍ ቁስል የሌለበት ተገኘ። የእሱ ሕዋስ በውርንጭላዋ ፈሳሽ፣ የእሷ ሕዋስ በእሱ ፈሳሽ ተሞክሮ አልተጓጎለም።

መጠኑ እንዲህ ተሰላ። የሚፈለገው 20 በመቶ ሲሆን ካላት 11 ሲቀነስ 9 ይቀራል፤ 9 ለለጋሹ 36 ሲካፈል 0.25 ነው። የአዲስ ውርንጭላ ደም በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ በ23 ኪሎ 3450 ይመጣል። የዚህ ሩብ 860 ሚሊ ሊትር ነው፤ ባለ 450 ሁለት የደም ከረጢት ይሞላል። ለፈረሱ ይህ ምንም ማለት አይደለም።

ከረጢቱ እየተቀዳ ሳለ በእርጋታ ይወዛወዛል፤ ካልሆነ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ፀረ መርጊያ ሳይደባለቅ ደሙ አንድ ጥግ ይረጋል። ደሙ ለብ ባለ ውሃ፣ ከሰውነት ሙቀት ባልበለጠ፣ ሙቀት ተሰጠው። በውርንጭላዋ የአንገት ደም ሥር 18 ቁጥር ካኑላ ገብቶ፣ ማጣሪያ ባለው የደም መስጫ ለመጀመሪያው 20 ደቂቃ በደቂቃ 12 ጠብታ ብቻ ወረደ። በዚህ ጊዜ በየ5 ደቂቃው ልብ፣ ትንፋሽና ሙቀት ይለካል፤ ቆዳ ሽፍ ካለ፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ልቧ ከጨመረ ይቆማል። ምንም ስላልታየ ወደ 75 ጠብታ ከፍ ተደርጎ እያንዳንዱ ከረጢት ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደ።

በሁለቱ ከረጢቶች መካከል አንድ ስህተት ተፈጠረ። ቱቦውን ለማጠብ በኖርማል ሳላይን ፋንታ በእጅ የቀረበው ሪንገር ላክቴት ተያያዘ። ሪንገር ካልሲየም አለው፤ ካልሲየም የከረጢቱን ፀረ መርጊያ ያከሽፋል። ጠብታው ቆመ፤ ማጣሪያው ውስጥ ቀይ ክር ታየ። እዚህ ላይ የሚመጣው ፈተና በሲሪንጅ ገፍቶ ማስከፈት ነው፤ የረጋውን ወደ ሳንባ መስደድ ማለት ስለሆነ መስጫውም ካኑላውም ተቀየሩ፤ ግማሽ ሰዓት ጠፋ። ዴክስትሮዝም በደም ቱቦ አይገባም፤ ሕዋሱን ያፈርሳል። ለዚህ ነው በኖርማል ሳላይን የተዘጋጀው 5 በመቶ ዴክስትሮዝ በሌላኛው የአንገት ደም ሥር፣ በሰዓት 90 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ 30 ጠብታ፣ ለብቻው የተሰጠው። ከዚያ ማብዛት ደም ያነሰውን ልብ ያጥለቀልቃል፤ መተው ደግሞ የፈረሰው ደም ኩላሊት ውስጥ እንዲጋገር ያደርጋል።

መድኃኒት የተሰጠው ጥቂት ነው። ሴፍትሪያክሶን በኪሎ 25 ሚሊግራም፣ 575 ሚሊግራም በደም ሥር በየ12 ሰዓቱ፣ ለአምስት ቀን፤ የቴታነስ ሴረም 1500 ዩኒት አንድ ጊዜ፤ እትብቷ በቀን ሁለት ጊዜ 0.5 በመቶ ክሎርሄክሲዲን። ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲንና የሕመም ማስታገሻ መርፌዎች ሆን ተብሎ ቀሩ። በየክሊኒኩ መደርደሪያ በቅርብ የሚገኙት እነሱ ናቸው፤ በፈረሰ ደም የተጨናነቀ ኩላሊትን የሚጨርሱትም እነሱ ናቸው።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ሄማቶክሪቷ 19፣ ልቧ 104 ሆነ። እኩለ ሌሊት ላይ ጣት ሲሰጣት አጥብቃ ያዘች፤ ከዚያ ወዲህ በጡጦ ተመገበች፤ አንገቷ ሳይቃና፣ ጡጦውም ከእናቷ ጡት ከፍታ ሳይበልጥ። በ48ኛው ሰዓት የባዝራዋ ወተት እንደገና በአህያ ደም ተፈተነ፤ 1 ለ 4 ላይ እንኳ ስላልጓጎለ ጡት ተፈቀደላት። የሽንቷ መልክ ከጠላ ወደ ጠጅ፣ ከጠጅ ወደ ውሃ ተሻገረ።

በሦስተኛው ቀን ሄማቶክሪቱ 17፣ በአምስተኛው 15 ሆኖ ወረደ፤ ቤተሰቡም ደነገጠ። ይህ የሚጠበቅ ነው። የተሰጠ ደም በውርንጭላ ሰውነት የሚቆየው ለቀናት ነው፤ የራሷ መቅኒ ደግሞ ሥራ ለመጀመር ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ልቧ ካልሮጠና ከጠባች ቁጥሩን ብቻ አይቶ ሌላ ደም መስጠት ለጉበቷ ሸክም ነው። በስምንተኛው ቀን 18፣ በአሥራ አራተኛው 24 ደረሰ። በስድስተኛው ቀን ወደ ቤት ስትመለስ የተሰጠው ትእዛዝ ሁለት ሳምንት ከእናቷ ጋር በጠባብ በረት እንድትቆይ፣ ዳገት እንዳትወጣ ነበር።

ባለቤቱ ባዝራዋን እንደገና ለአህያ ማስጠቃት ይፈልጋሉ። ፈረስ ቢያስጠቋት ችግሩ የለም፤ በጮቄ ዳገት ድንች የሚያወርደው ግን በቅሎ ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ልጅ የተነገራቸው ይህ ነው። በቅሎ ወልዳ ከማታውቅ ሌላ ባዝራ፣ የራሷ ልጅ ከጠባ በኋላ፣ 250 ሚሊ ሊትር እንገር ይታለባል፤ ከሦስት አራት ባዝራ እየተሰበሰበ 1 ሊትር ያህል በበረዶ ይቀመጣል። ሲፈለግ ለብ ባለ ውሃ ይቀልጣል እንጂ አይፈላም፤ ከፈላ አንቲቦዲው ይበስላል። ውርንጭላው ሲወለድ ሳይጠባ አፉ በገመድ መረብ ይታሰራል፤ መተንፈስ የሚያስችል፣ ጡት መያዝ የማያስችል ይሁን። የቀለጠው እንገር 200 ሚሊ ሊትር እየሆነ በመጀመሪያው 8 ሰዓት ውስጥ ተሰጥቶ ያልቃል። እንገር ካልተገኘ የዚያው ፈረስ ደም በከረጢት ተሰቅሎ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ የፈረስ ቀይ ሕዋስ በፍጥነት ስለሚዘቅጥ ያለ ማሽን ከላይ ቢጫው ፈሳሽ ብቻውን ይቀራል፤ እሱ በደም ሥር ይሰጣል። ባዝራዋ በየ2 ሰዓቱ ትታለባለች። በ36ኛው ሰዓት መረቡ ከመፈታቱ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ጡቷ ባዶ እስኪሆን፤ ያ ወተት ለጥጃም ለግልገልም ሳይሆን መሬት ላይ ይፈስሳል።